«ኢንዴክስ ውስጥ መራመድ ዘመኑ አልፎበታል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ፕሮግራመሮች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ጉዳዩ በሲ ቋንቋ ላይብረሪ የዳታቤዝ ኢንዴክስ ፋይል ከፍቶ፣ ቁልፍ ፈልጎ፣ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ መራመድ ነው። ኢንዴክስ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ነው፤ ስም ወይም ቀን የመሰለ ቁልፍ በተራ ይደረድርና መዝገቡ የት እንዳለ ያመለክታል። ጸሐፊው ይህን ሙያ ለሙዚየም አስረክበውታል። ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ተጽፏል። ችግሩም እሱ ነው፤ ጀማሪ ካነበበው አምኖ ይሄዳል።

የሚሉት ባጭሩ ይኸው። ዳታቤዝን በጥያቄ (በኩዌሪ) የምናዝበት ኤስኪውኤል የተባለው ቋንቋ ከመጣ ወዲህ ኢንዴክስ ውስጥ የሚራመድ የለም። ኢንዴክስ የተደረደረ ዝርዝር ስለሆነ ሚሞሪ ላይ ጭኖ መፈለግ ይበቃል። ፍለጋ የሚመልሰው «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። ወደ ኋላ ለመሄድ ሌላ ኢንዴክስ መሥራት ያስፈልጋል። እየተራመዱ መዝገብ ማስተካከል ችግር የለውም። ቅደም ተከተሉን ላይብረሪው ስለሚያውቅ፣ ለአማርኛም ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ስላለ፣ የሚያሳስብ ነገር የለም። በመጨረሻም ኢንዴክስ ፋይል ቶሎ ስለሚበላሽ አይታመንም።

በመጨረሻው ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሌላውን ግን አልቀበልም።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ ላስረዳ። ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሡት ኮድቤዝ የተባለውን ላይብረሪ ነው። የካናዳው የኤድመንተን ከተማ ኩባንያ የሲኩዊተር ሥራ ነው። ዲቤዝ፣ ፎክስፕሮና ክሊፐር የተባሉትን የድሮ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ፋይሎች ከሲ ፕሮግራም ማንበብና መጻፍ ያስችላል። መረጃው ዲቢኤፍ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ኢንዴክሱ ለብቻው ሌላ ፋይል ነው፤ በዲቤዝ 3 ኤንዲኤክስ፣ በክሊፐር ኤንቲኤክስ፣ በፎክስፕሮ ሲዲኤክስ ይባላል። በእኛም አገር በነዚህ የተሠሩ የደመወዝና የንብረት ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ ነበሩ። የድሮውን መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም ማዛወር ሲመጣ እነዚህን ፋይሎች መክፈት የግድ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ፋንክሽኖች ጥቂት ናቸው። ዲ4ቶፕ ወደ መጀመሪያው ቁልፍ ይወስዳል፤ ዲ4ቦተም ወደ መጨረሻው። ዲ4ሲክ ይፈልጋል። ዲ4ስኪፕ በሰጠነው ቁጥር ልክ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ ሲዲኤክስ ፋይል ብዙ ኢንዴክሶችን ስለሚይዝ እያንዳንዱ ታግ ይባላል። በየትኛው ታግ እንደምንሄድ የምንመርጠው በዲ4ታግሴሌክት ነው። ታግ ካልተመረጠ ስኪፕ በመዝገብ ቁጥር ተራ ይሄዳል። መሣሪያው በቃ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። «ኤስኪውኤል ገድሎታል» ይላሉ። ኤስኪውላይትን ይውሰዱ። በየስልካችን ውስጥ ያለ የሲ ላይብረሪ ነው። የፈለጉትን ኩዌሪ ይጻፉና ከፊቱ «ኤክስፕሌን» የሚለውን ቃል ጨምረው ያስኪዱት። የኩዌሪው ውጤት ቀርቶ ኤስኪውላይት ውስጥ ለውስጥ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ይዘረዘራሉ። እዚያ ሪዋይንድ፣ ላስት፣ ኔክስት፣ ፕሬቭ፣ ሲክ-ጂኢ የሚሉ ስሞችን ያገኛሉ። ወደ መጀመሪያው ሂድ፣ ወደ መጨረሻው ሂድ፣ ቀጥል፣ ተመለስ፣ ከዚህ ቁልፍ እኩል ወይም በላይ ወደሆነው ሂድ ማለት ናቸው። ከዲ4ቶፕና ከዲ4ስኪፕ በምን ተለዩ? መራመዱ እንዳለ አለ፤ የሚራመድልን ሌላ ሆነ እንጂ።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። ኤስኪውላይት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ ከሥሩ ጂዲቢኤም የተባለ ሌላ የሲ ላይብረሪ ነበር። ጂዲቢኤም በሀሽ የሚሠራ ነው፤ ቁልፉን በስሌት ወደ ቦታ ቁጥር ይቀይረዋል። ቁልፍ ስትሰጠው ዋጋውን ያመጣል፤ «ቀጣዩን በተራ ስጠኝ» ብትለው ግን ተራ የሚባል ነገር አያውቅም። በ2001 ሁለተኛው ስሪት ሲመጣ የኤስኪውላይት ፈጣሪ ሪቻርድ ሂፕ የራሳቸውን ቢ-ትሪ (ቁልፎችን በተራ፣ ገጽ በገጽ የሚይዝ ዛፍ) ጽፈው ተኩት። ማይኤስኪውኤል ደግሞ ጭራሽ «ሃንድለር» የሚል ትእዛዝ አለው። ኢንዴክሱን በስሙ ጠርተህ የመጀመሪያውን፣ ቀጣዩን፣ ያለፈውን እያልክ ታነባለህ። የኤስኪውኤል ዳታቤዝ ራሱ ይህን በር ክፍት ትቶታል።

አዲስ ድረ ገጽ ለመሥራት ኮድቤዝን ምረጡ እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ኩዌሪው ለምን እንደዘገየ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሥሩ ማን እንዴት እንደሚራመድ ማወቅ አለበት ነው።

«ሚሞሪ ላይ ጭኖ መፈለግ» የሚለው ሁለተኛ ነጥብ ቁጥር ይፈልጋልና እናስላው። አንድ ሚሊዮን ቁልፍ ባለው የተደረደረ ዝርዝር ላይ ለሁለት እየከፈሉ መፈለግ 20 ያህል ንጽጽር ይወስዳል። ሚሞሪ ላይ ከሆነ ቀላል ነው። ዲስክ ላይ ከሆነ ግን አብዛኛው ንጽጽር ሌላ ቦታ መንካት ነው። ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት በቦይንግ የምርምር ክፍል ሳሉ ቢ-ትሪን የፈጠሩት ለዚህ ነበር። ጥናታቸው በ1972 ታተመ። ሐሳቡ፣ ዲስክ አንዴ ከተነካ አይቀር አንድ ሙሉ ገጽ ቁልፍ ይምጣ የሚል ነው።

የኤንዲኤክስ ገጽ 512 ባይት ነው። ቁልፉ 10 ባይት ነው እንበል። ለታችኛው ገጽ አድራሻ 4 ባይት፣ ለመዝገቡ ቁጥር 4 ባይት ይጨመራል። ድምሩ ወደሚቀጥለው የ4 ብዜት ከፍ ሲል 20 ባይት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ገጽ 25 ቁልፍ ይይዛል። ገጾቹ ሙሉ ከሆኑ በ4 ደረጃ 390,625 ቁልፍ፣ በ5 ደረጃ ከ9 ሚሊዮን በላይ ይደረስበታል። ለአንድ ሚሊዮን መዝገብ 5 ገጽ ማንበብ ማለት ነው። በ4,096 ባይት ገጽ ብናሰላው ደግሞ አንዱ ገጽ 200 ያህል ስለሚይዝ 3 ደረጃ ይበቃል።

ጸሐፊው «ሚሞሪ ረክሷል» ይላሉ። ይርከስ። የላይኞቹ ገጾች በየፍለጋው ስለሚነኩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ሚሞሪ ላይ ያቆያቸዋል። ኤልኤምዲቢ የተባለው የሃዋርድ ቹ ላይብረሪ ፋይሉን በቀጥታ ወደ ሚሞሪ አድራሻ ካርታ አድርጎ የሚያነበው ይህን ተጠቅሞ ነው። በእጅ የተጫነ ዝርዝር ግን ሌላው ፕሮግራም አሁን ያስገባውን መዝገብ አያውቅም። ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥርም እንደገና ሊጫን ነው። አንድ ቁልፍ መሐል ላይ ሲገባ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይገፋል። እነዚህን ችግሮች አንድ በአንድ ሲፈቷቸው ሳያውቁት ቢ-ትሪ ይጽፋሉ፤ ያውም ያልተፈተነ።

ብዙ ጊዜ የምወስድበት ሦስተኛው ነጥብ ነው። «ፍለጋ አለ ወይም የለም ብቻ ይመልሳል» የሚለው። የጽሑፉ ስሕተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

ዲ4ሲክ ቁልፉን ካገኘው ዜሮ ይመልሳል። ካላገኘው ሁለት የተለያየ ነገር ሊል ይችላል። አንዱ አር4አፍተር ነው፦ «የፈለግከው የለም፤ ግን ቢኖር ኖሮ ከሚቆምበት ቀጥሎ ያለው መዝገብ ላይ አቁሜሃለሁ»። ሁለተኛው አር4ኢኦኤፍ ነው፦ «ከመጨረሻው ቁልፍም በላይ የሆነ ነገር ነው የጠየቅከኝ»። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ቦታ ይሰጣል። ቦታ ካለ ደግሞ መራመድ አለ።

ፋርማሲ እንውሰድ። ከዛሬ ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ጊዜያቸው የሚያልፍ መድኃኒቶች ይፈለጋሉ። የማብቂያ ቀኑ ላይ የተሠራ ታግ አለ። የዛሬን ቀን ይዘን ዲ4ሲክ እንላለን። ልክ ዛሬ የሚያልቅ መድኃኒት ላይኖር ይችላል። «የለም» ተብለን ብንመለስ ነገ የሚያልቀውን አናይም ማለት ነው። አር4አፍተር ግን ቀጥሎ የሚያልቀው ላይ ያቆመናል። ከዚያ ቀኑ ከ30 ቀን እስኪያልፍ ዲ4ስኪፕ እያልን እንወርዳለን። ካለፈ እናቆማለን። ፋይሉ ውስጥ 100,000 መድኃኒት ቢኖርና የሚያልቁት 12 ቢሆኑ የምናነበው 12 እና አንድ ትርፍ መዝገብ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው አማራጭ 100,000ውን አንድ በአንድ «አንተስ ታልቃለህ?» እያሉ መጠየቅ ነው። አር4ኢኦኤፍ ከመጣ ደግሞ ከዛሬ በኋላ የሚያልቅ አንድም መድኃኒት የለም። ይህ ራሱ ለባለ ፋርማሲው አስደንጋጭ ዜና ነው!

በርክሌይ ዲቢ የተባለው ሌላ የሲ ላይብረሪም፣ ኤልኤምዲቢም ይህንኑ ያደርጋሉ። ሁለቱም «ሴት ሬንጅ» የሚባል የከርሰር (ኢንዴክሱ ውስጥ ያለንበትን ቦታ የሚይዝ ጠቋሚ) ትእዛዝ አላቸው፤ ከተሰጠው ቁልፍ እኩል ወይም ቀጥሎ የሚበልጠው ላይ ይቆማል። የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ዘመን የጻፏቸው ላይብረሪዎች አንድ ነገር ላይ ሲገጥሙ፣ ነገሩ ጌጥ አይደለም።

ሌላም አለ። የቁምፊ ታግ ላይ ዲ4ሲክ ከፊል ቁልፍ ይቀበላል። «አበ» ብንለው በ«አበ» የሚጀምረው የመጀመሪያው ስም ላይ ቆሞ አግኝቻለሁ ይላል። ተጠቃሚው ፊደል ሲጨምር ዝርዝሩ አብሮት የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነው።

ጸሐፊው «ዝርዝርን ገጽ በገጽ ለማሳየት ኦፍሴት ይበቃል» ሲሉም አይቻለሁ። ኦፍሴት (ይህን ያህል መዝገብ ዝለል የሚለው ትእዛዝ) 10,000 ሲባል ዳታቤዙ 10,000 መዝገብ አልፎ፣ አልፎ፣ አልፎ ነው የሚደርሰው። ያለፋቸውን ይጥላቸዋል። ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ። በመሐሉ አንድ ሰው አዲስ መዝገብ ካስገባ ደግሞ አንዱ ደንበኛ ሁለት ገጽ ላይ ይታያል። የመጨረሻውን ቁልፍ ይዞ «ከዚህ ቀጥሎ 20 ስጠኝ» ማለት ግን ሁልጊዜ አንድ ፍለጋና 20 እርምጃ ነው፤ አንደኛውም ገጽ ላይ፣ አምስት መቶኛውም ላይ። ዛሬ ትልልቅ ድረ ገጾች ዝርዝር የሚያቀርቡበት «ከርሰር» የሚሉት ዘዴ ከዚህ አያልፍም። ፎክስፕሮ ላይ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል።

«ወደ ኋላ ለመሄድ ሌላ ኢንዴክስ» ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል፦ ስኪፕ ሲቀነስ 1። በሲዲኤክስ ፋይል ቅጠል የሚባሉት የታችኞቹ ገጾች የግራና የቀኝ ጎረቤታቸውን አድራሻ ይይዛሉ፤ ወደየትኛውም አቅጣጫ መሄድ እኩል ይቀላል። ኤንቲኤክስ ይህ የጎረቤት አድራሻ የለውም። ስለዚህ ላይብረሪው ከሥሩ (ከላይኛው ገጽ) እስከ ቅጠል የወረደበትን መንገድ ይይዝና በዚያው ወጥቶ ወደ ቀጣዩ ቅርንጫፍ ይወርዳል። ለተጠቃሚው ልዩነት የለውም። ዲ4ፖዚሽን የሚባልም አለ፤ ዝርዝሩ ውስጥ የት አካባቢ እንዳለን ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር በግምት ይናገራል። የመስኮቱን ማንሸራተቻ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

አምስተኛው ነጥብ አደገኛ ነው። «እየተራመዱ መዝገብ ማስተካከል ችግር የለውም» የሚለው።

የታወቀው ታሪክ ከአይቢኤም ነው። በ1976 ሲስተም አር የተባለው የዳታቤዝ ፕሮጀክት ተመራማሪዎች ዶን ቻምበርሊን፣ ፓት ሴሊንገርና ሞርተን አስትራሃን ከ25,000 ዶላር በታች ለሚከፈላቸው ሠራተኞች ሁሉ 10 በመቶ የሚጨምር ኩዌሪ ሞከሩ። ኩዌሪው ያለ ስሕተት አለቀ። መዝገቡ ሲታይ ሁሉም ሠራተኛ 25,000 ወይም ከዚያ በላይ ሆኗል። የሄዱት በደመወዝ ኢንዴክስ ነበር። ደመወዙ የጨመረለት ሰው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኩዌሪው እዚያ ሲደርስ እንደገና ያገኘዋል፤ እንደገና ይጨምርለታል። የተገኘበት ቀን ፈረንጆቹ ሃሎዊን የሚሉት በዓል ስለነበረ «የሃሎዊን ችግር» ተባለ። ለሠራተኞቹስ ጥሩ ነበር።

በዲቤዝ ቤተሰብ ላይ ውጤቱ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ጨርሶ አልደረሱም። በኮድቤዝ «አሁን ያለሁበት» ማለት አሁን የያዝኩት መዝገብ ማለት ነው። የዋጋ ታግ ላይ እየሄድኩ 100 ብር የነበረውን ዕቃ 110 አደረግኩት እንበል። ስኪፕ ስል መዝገቡ ይጻፋል፤ ቁልፉም አዲሱ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ስኪፑ የሚቀጥለው ከዚያ ከ110 ነው። በ101 እና በ109 መካከል ያሉት ዕቃዎች ሳይነኩ ታለፉ። ፕሮግራሙ አልጮኸም፤ ስሕተት አላሳየም። ቅናሽ ቢሆን ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰኝና የቀነስኩትን እንደገና ሳገኘው ሌላ ቅናሽ ይደረግለታል። ገበያተኛው ደስ ይለው ይሆናል፤ ሒሳብ ሹሟ ግን አይደሉም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የምንቀይረው የምንሄድበትን ቁልፍ ከሆነ ታግ ሳንመርጥ በመዝገብ ቁጥር ተራ እንሄዳለን። ክልል ብቻ ከሆነ የምንፈልገው፣ መጀመሪያ የመዝገቦቹን ቁጥሮች በዝርዝር እንሰበስባለን፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየሄድን እንቀይራለን። ይህን የሚያውቀው ግን ኢንዴክስ ውስጥ መራመድ ምን ማለት እንደሆነ የተማረ ሰው ነው። ጸሐፊው አትማሩት የሚሉን ደግሞ እሱኑ ነው።

ስድስተኛው ቅደም ተከተልን ይመለከታል። ላይብረሪው ያውቃል፣ ዩኒኮድ አለ፣ አትጨነቁ ይላሉ።

በርክሌይ ዲቢ የቢ-ትሪ ቁልፎችን ሌላ ካልታዘዘ በቀር ባይት በባይት ያነጻጽራል። በተለመደው የኢንቴል ማሽን ላይ ቁጥር 1 በአራት ባይት ሲጻፍ 1፣ 0፣ 0፣ 0 ይሆናል። 256 ደግሞ 0፣ 1፣ 0፣ 0 ነው። ባይት በባይት ሲታይ 256 ከ1 ይቀድማል። ላይብረሪው የሚያውቀው ባይት ነው፤ ቁጥር መሆኑን ማን ነገረው? ሲዲኤክስ ይህን በብልሃት ፈትቶታል። ቁጥሩን «ደብል» ወደሚባለው የ8 ባይት የቁጥር አጻጻፍ ይቀይርና ከፍተኛው ባይት ቀድሞ እንዲመጣ ያደርጋል። አዎንታዊ ከሆነ የምልክቱን ቢት፣ አሉታዊ ከሆነ ቢቶቹን በሙሉ ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ ተራ የባይት ንጽጽር ትክክለኛ ተራ ይሰጣል። በርክሌይ ዲቢ ላይ ይህን ራሳችን እናደርጋለን፤ ወይም የንጽጽር ፋንክሽን ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት እንሰጠዋለን። ፋንክሽኑ ደግሞ ለዘላለም ያው መሆን አለበት። ዛሬ በአንድ ተራ የተጻፈ ዛፍ ነገ በሌላ ተራ ከተፈለገ ያለው ቁልፍ «የለም» ይባላል።

ይህ ተረት አይደለም። በ2018 የሊነክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲ በ2.28 ስሪቱ የቃላት አደራደር ሕጉን ቀየረ። ኦፐሬቲንግ ሲስተማቸውን ያሳደጉ ብዙ የፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ተጠቃሚዎች የጽሑፍ ኢንዴክሶቻቸው ተበላሹ። ልዩ ናቸው የተባሉ ዓምዶች ድግግሞሽ ያዙ። መፍትሔው እንደገና ማደራጀት ብቻ ነበር።

ወደ አማርኛ ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገብቷል። ዩኒኮድን በባይት በምንጽፍበት በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የባይት ተራውም ከዩኒኮድ ቁጥሩ ተራ ጋር ይገጥማል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ነገር ግን «ገብረእግዚአብሔር» 10 ፊደል፣ 30 ባይት ነው። የስም ቁልፉ 20 ባይት ከሆነ «ገብረእግዚ» ይገባና «አ» ሁለት ሦስተኛዋ ገብታ ትቆረጣለች። ቁልፉ ውስጥ ግማሽ ፊደል ተቀመጠ። ለእንግሊዝኛ የተሠራን የዓምድ ስፋት እንዳለ መውሰድ ዋጋው ይህ ነው።

በሲ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሜምኮምፕ የተባለው የሲ ፋንክሽን ባይቶችን ምልክት አልባ (አሉታዊ የማይሆን ቁጥር) አድርጎ ያነጻጽራል። በእጅ በተጻፈ ፋንክሽን ውስጥ «ቻር» ተብሎ ቢነጻጸር ግን በኢንቴል ሊነክስ ላይ ቻር ምልክት ስላለው የኛ ፊደል ባይቶች አሉታዊ ቁጥር ይሆናሉ። ስለዚህ ፊደላችን ከላቲን ፊደልና ከቁጥር ይቀድማል። በአርም ሊነክስ ላይ ቻር ምልክት አልባ ነው፤ ተራው ይገለበጣል። አንዱ ማሽን ላይ የተጻፈ ፋይል ሌላው ላይ ሲከፈት ላቲንና የኛ ፊደል የተቀላቀሉባቸው ስሞች ይጠፋሉ።

ዋናው ጣጣ ግን ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ፣ ሐይሌ ብለው የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ አሉ። በዩኒኮድ ሀ ከመጀመሪያው ላይ ናት፤ ሐ ከለ ቀጥላ ትመጣለች፤ ኀ ከቸ በኋላ ነች። ጸሐይ በጸ ሲጻፍና በፀ ሲጻፍ ሌላ ቦታ ነው። ዲ4ሲክ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፦ የለም። መስኮት ፊት የቆመው ባለጉዳይ ግን አለ። ስለዚህ የሚጻፈው ስም እንዳለ ይቀመጥና ለኢንዴክሱ ሌላ ዓምድ ይሠራል። እዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየራሉ። ሃ እና አ ቤት ውስጥም አንደኛውና አራተኛው ፊደል አንድ ላይ ይጠቃለላሉ። ሲፈለግም የተፈለገው ቃል በዚሁ ወንፊት ያልፋል። በርክሌይ ዲቢ ቁልፉን ከመዝገቡ አውጥቶ የሚሰጥ የራሳችንን ፋንክሽን ከሁለተኛ ኢንዴክስ ጋር እንድናያይዝ ይፈቅዳል። ኤስኪውላይትም ከ2015 ጀምሮ በፋንክሽን ውጤት ላይ ኢንዴክስ ይሠራል።

ከፊል ፍለጋም ለእኛ ሌላ ጠባይ አለው። በላቲን «ኤ፣ ቢ» ብሎ የጀመረ ሰው አበበንም አባተንም ያገኛል። በፊደላችን «አበ» ያለ ሰው አባተን አያገኝም፤ በ እና ባ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። ይህን ማለዘብ ለሚፈልግ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ዩኒኮድ ላይ የእኛ ፊደል ቤቶች በስምንት በስምንት ቦታ የተደረደሩ ናቸው። የፊደሉን ቁጥር ወደ ታችኛው የ8 ብዜት ዝቅ ማድረግ የቤቱን ግዕዝ ይሰጣል። በሲ አንድ መስመር ነው። አበበ «አበበ» ይሆናል፤ አባተ «አበተ»። በዚህ ላይ የተሠራ ሌላ ታግ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ሰሜን አሜሪካ ወይም እስራኤል ያሉ የማኅበር አባላትን ዝርዝር የሚይዝ ፕሮግራም ስሞች በተለያየ አጻጻፍ ስለሚገቡበት ይህ በተለይ ይጠቅመዋል። «ዩኒኮድ ጨርሶታል» ብሎ መተው አይሆንም።

የመጨረሻው ነጥብ፦ ይበላሻል፣ አይታመንም። እዚህ ላይ እውነት አላቸው፤ ለዲቤዝ ቤተሰብ። አዲስ ቁልፍ የሞላ ገጽ ላይ ሲገባ ገጹ ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ገጽና ወላጁ መጻፍ አለባቸው። በመሐል መብራት ቢጠፋ አንዱ ተጽፎ ሌላው ይቀራል። የተጀመረውን ለውጥ መዝግቦ የሚያስታርቅ ሎግ የለም። ዲቤዝ 3 ላይ ደግሞ ኤንዲኤክሱን ሳይከፍቱ መዝገብ ማስገባት ይቻል ነበር፤ ኢንዴክሱ ሳያውቅ ይቀራል። ሲዲኤክስ ሲመጣ ከሠንጠረዡ ጋር አንድ ስም ያለው ኢንዴክስ አብሮ በራሱ እንዲከፈት ሆነ። ዲቢኤፉ ራስጌ ላይ አንዷ ባይት ይህን ታመለክታለች። በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ ብዙ ሰው ሲጽፍ ግን አሁንም አልመክርም።

ነገር ግን ይህ የላይብረሪው አጻጻፍ ጉዳይ ነው፤ መራመዱን አይነካም። በርክሌይ ዲቢ ለውጡን አስቀድሞ ሎግ ላይ መጻፍ ይችላል። ኤስኪውላይት ጆርናል አለው፤ ከ2010 ጀምሮም ለውጡን አስቀድሞ ሎግ ላይ የሚጽፈውን ዋል የተባለ ዘዴ ጨምሯል። ኤልኤምዲቢ ደግሞ ያለውን ገጽ አይነካም፤ አዲስ ገጽ ጽፎ በመጨረሻ ሥሩን ይቀይራል። ሦስቱም ውስጥ የሚራመደው ያው ከርሰር ነው።

የተበላሸ ኢንዴክስ መረጃ ማጣት እንዳልሆነም ጸሐፊው ሊናገሩ ይገባ ነበር። መዝገቡ ዲቢኤፉ ላይ አለ። ዲ4ሪኢንዴክስ ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ያደራጀዋል። ጥርጣሬ ካለ ከዚያ በፊት ቀላል ፍተሻ አለ። ታጉን መርጦ ከዲ4ቶፕ እስከ መጨረሻ መራመድና መቁጠር ነው። በመንገዱ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ካለፈው ያላነሰ መሆኑን ማየትም አይከፋም። ታጉ ማጣሪያ ከሌለውና ልዩ ቁልፍ ብቻ የሚይዝ ካልሆነ፣ የተቆጠረው ከመዝገቡ ብዛት ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ እንደገና ይደራጅ።